የምን ሼድ ነው?

ጥያቄው የመጣው ከገላን ነው። የጻፈችልኝ በአንድ ፋብሪካ የግዢ ሠራተኛ ናት። እንዲህ ትላለች፦

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ከውጭ ያዘዝነው የማሽን መለዋወጫ ስለዘገየብን ለአቅራቢው በእንግሊዝኛ ኢሜይል ጻፍኩ። ‘ፕሊዝ ሼድ ኤ ላይት ፎር አስ አባውት ዘ ዲሌይ’ ነው ያልኩት። ሥራ አስኪያጃችን ግልባጩን አየና ‘የምን ሼድ ነው? ያዘዝነው መለዋወጫ፣ ሼድ መቼ አዘዝን?’ ብሎ ሳቀ። ቢሮው በሙሉ ተከትሎት ሳቀብኝ። ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው? ደግሞስ ለዕቃ አስተላላፊያችን በአማርኛ ስጽፍ ‘በመዘግየቱ ላይ ብርሃን ይፈንጥቁልን’ ብል ያስኬዳል?»

እህቴ፣ መጀመሪያ ልብሽን ላሳርፈው። ፈሊጡን በደንብ ነው የመረጥሽው፤ «ሼድ ላይት ኦን» ማለት ያልገባንን ነገር ማስረዳት፣ ግልጽ ማድረግ ነው። ቦታውም ቦታው ነው። የሳትሽው ሦስት ጥቃቅን ቃላት ላይ ነው፦ «ኤ»፣ «ፎር» እና «አባውት»። መሆን የነበረበት «ኩድ ዩ ፕሊዝ ሼድ ሰም ላይት ኦን ዘ ዲሌይ» ነው። የአማርኛው ግን አያስኬድም። ቸኩለሽ ከሆነ እዚህ ላይ ማቆም ትችያለሽ። ጊዜ ካለሽ ለምን እንደሆነ ላጫውትሽ፤ ከሃያ ዓመት በላይ እንግሊዝኛ አስተምሬ አሁን በትርጉምና በአርትዖት ነው የምኖረው፣ ይህቺ ፈሊጥ ደግሞ በየሳምንቱ ጠረጴዛዬ ላይ ትመጣለች።

በሼዱ እንጀምር። ሥራ አስኪያጅሽ ሊቀልድ ብሎ ጥሩ ጥያቄ ነው የጠየቀው። ከተማው ዳር ለምንኖር ሰዎች ሼድ ማለት አንድ ነገር ብቻ ነው። የብረት ምሰሶ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ውስጡ የብየዳ ብልጭታና የመጋዝ ጩኸት። ወጣቶች ተደራጅተው «ሼድ ይሰጠን» እያሉ ወረዳ የሚመላለሱበት ሼድ። እኔ ራሴ ከምኖርበት ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ወጥቼ ዳቦ እስክገዛ ድረስ ቃሉን ሁለት ሦስት ጊዜ እሰማዋለሁ።

በኢሜይልሽ ያለው ሼድ ግን ግሥ ነው። ማፍሰስ፣ ማርገፍ፣ መጣል ማለት ነው። ሰው እንባ ሲያፈስ ሼድ ነው። ዛፍ ቅጠሉን ሲያረግፍ ሼድ ነው። እባብ ቆዳውን ሲጥል ሼድ ነው። ፀሐይም ብርሃኗን ስታፈስ እንዲሁ። ጊዜ አይለዋውጠውም፤ ትናንትም ሼድ፣ ዛሬም ሼድ፣ ተፈጽሞ ካለቀም ሼድ። «ሼድድ» የሚባል ነገር የለም።

ይህ ግሥ በጥንታዊው እንግሊዝኛ መነሻ ትርጉሙ መለየት፣ መክፈል ነበር። ያ ትርጉም ዛሬም «ወተርሼድ» የሚለው ቃል ውስጥ ተቀምጧል፤ ውሃ የሚለያይበት ቦታ ማለት ነው። እኛ ደግሞ «ተፋሰስ» እንለዋለን፣ ፈሰሰ ከሚለው። እንጦጦ ወጥተሽ ጀርባሽን ለአዲስ አበባ ብትሰጪ፣ ከፊትሽ የጣለው ዝናብ ወደ ሱሉልታ ወርዶ በመጨረሻ ዓባይን ይቀላቀላል። ከኋላሽ የጣለው በከተማው መሃል አልፎ በአቃቂ በኩል አዋሽ ይገባል። እንግሊዝኛው ሸንተረሩን አየና «መለያ» አለው። እኛ ውሃውን አየንና «ተፋሰስ» አልነው። ያ ወደ አቃቂ የወረደው ውሃ ነው እንግዲህ ከእናንተ ሠፈር ብዙም ሳይርቅ አባ ሳሙኤል ላይ ተገድቦ የአገሪቱን የመጀመሪያ የውሃ ኃይል ማመንጫ ያዞረው። ውሃው ተለየ፣ ፈሰሰ፣ በመጨረሻ መብራት ሆነ። የሼድ ትርጉሞች በሙሉ በአንድ ወንዝ ላይ ተሰልፈዋል።

የቆርቆሮው ሼድ የዚህ ዘመድ አይደለም። የቃላትን ታሪክ የሚያጠኑ ሰዎች «ሼይድ»፣ ማለትም ጥላ፣ ከሚለው ቃል ሳይወጣ አልቀረም ይላሉ። አንዱ ሼድ ብርሃን ያፈሳል፣ ሌላው ሼድ የጥላ ልጅ ነው። ስለዚህ ስትጽፊ ፊደሉን አስተውዪ፦ ኤስ፣ ኤች፣ ኢ፣ ዲ። በአማርኛ አፍ ሼድም ሼይድም «ሼድ» ስለሚሆኑ ኤስ፣ ኤች፣ ኤ፣ ዲ፣ ኢ ብለው የሚጽፉ ብዙ ናቸው። ያ ከሆነ አቅራቢሽን ብርሃን እንዲፈነጥቅ ሳይሆን እንዲከልል ነው የለመንሽው።

በነገራችን ላይ የመብራት ኃይል ባለሙያዎች «ሎድ ሼዲንግ» የሚሉት፣ እኛ «ፈረቃ» የምንለው ነገር ላይ ያለውም ይኸው ግሥ ነው። ጭነቱ ሲበዛባቸው ከፊሉን ይጥሉታል። የሚጣለው ጭነት ደግሞ እኛ ነን።

አሁን ወደ ዋናው ጥፋትሽ ልምጣ፤ ወደ «ፎር»። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሺኝ፣ ምክንያቱም ይህ የአንቺ ብቻ ስህተት አይደለም። አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ የሚሠራው ስህተት ነው፣ የሚሠራበት ምክንያት ደግሞ ደስ የሚል ነው።

ባለፈው ሳምንት ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ ከታክሲ ወርጄ ወደ ብሎካችን ስገባ መብራት የለም። መግቢያው ድቅድቅ ያለ ጨለማ ነው። ጥበቃችን ገና አዲስ ልጅ ነው። «ማነው?» አለና ባትሪውን ፊቴ ላይ ለቀቀው። ዓይኔ ተጭበረበረ። «ኧረ አታብራብኝ!» ብዬ ጮህኩ። ድምፄን ሲያውቀው ደነገጠ። «ይቅርታ ጋሼ! ቆይ ላብራልዎት» ብሎ ባትሪውን ወደ ደረጃው አዞረ። ጠርዟ የተሸረፈችው ሦስተኛዋ ደረጃ ቁልጭ ብላ ታየችኝ። ተሻግሬያት አራተኛ ፎቅ ቤቴ ገባሁ።

አታብራብኝ። ላብራልዎት። ግሡ አንድ፣ ባትሪው አንድ፣ ልጁም አንድ ነው። የተለወጠችው አንዲት ፊደል ናት። በአማርኛ «ብ» ስትገባ ነገሩ ጉዳት ይሆናል፤ ዘነበብኝ፣ ዘጋብኝ፣ ዘገየብኝ። አንቺም ራስሽ «ሳቀብኝ» ብለሽ ነው የጻፍሽልኝ። «ል» ስትገባ ደግሞ ውለታ ይሆናል፤ ከፈተልኝ፣ ጻፈልኝ፣ አበራልኝ። ስለዚህ አንድን ሰው ብርሃን ስትለምኚ ልብሽ «ያብሩልን» ነው የሚለው። እጅሽ ይህንኑ ተከትሎ «ፎር አስ» ብሎ ጻፈ። «ኦን» የሚለው ቃል ለአማርኛ ጆሮ «ላይ» ነው፣ «በእኛ ላይ» ደግሞ ጥሩ ነገር አይመስልም። እንግሊዝኛሽ ደክሞ አይደለም የተሳሳትሽው፤ አማርኛሽ በርትቶብሽ ነው።

የእንግሊዝኛው «ኦን» ግን የሚያርፈው ሰው ላይ አይደለም። ደረጃው ላይ ነው። ብርሃኑ የሚወርድበት ነገር ያልታየው፣ ያልገባን፣ የሚያደናቅፈን ጉዳይ ነው። የአንቺ ሦስተኛ ደረጃ መዘግየቱ ነው። ስለዚህ «ኦን ዘ ዲሌይ»። «ሼድ ላይት ኦን አስ» ብትዪ ኖሮ ጉዳዩ እናንተ ትሆኑ ነበር፤ ጥበቃው መጀመሪያ እኔን እንዳደረገኝ ማለት ነው። ብርሃኑ ለማን እንደሚጠቅም እንግሊዝኛው ብዙ ጊዜ አይናገርም፤ የጠየቀው ሰው እንደሆነ ታውቋል። የግድ «ለእኛ» ማለት ካማረሽ መጨረሻ ላይ አስገቢው፦ «ሼድ ሰም ላይት ኦን ዚስ ፎር አስ»። ያ ያስኬዳል። «ኦን» ካለ ደግሞ «አባውት» ሥራ ፈት ነው። «ኢንቱ» የሚሉም አጋጥመውኛል፤ እሱም ልክ አይደለም።

«ኤ» ቀርታለች። ይህቺ ቀላል ናት፣ ለዚያውም አማርኛ ይረዳናል። እንግሊዝኛ «ላይት» በሚለው አንድ ቃል የሚይዘውን እኛ ለሁለት ከፍለነዋል፦ መብራትና ብርሃን። መብራት ዕቃው ነው። ኩራዙ፣ ፋኖሱ፣ አምፖሉ፣ ሽቦው፣ ቆጣሪው ሁሉ መብራት ነው። «መብራት መጣ!» ብለው ልጆች ሲጮሁ ኤሌክትሪኩን ነው። ብርሃን ግን ከዕቃው የሚወጣው ነው፤ አይቆጠርም፣ አይያዝም። ዳዊት በመዝሙር 119፥105 «ሕግህ ለእግሬ መብራት፣ ለመንገዴ ብርሃን ነው» ሲል ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸዋል። እግር አጠገብ የሚያዘው መብራት ነው፣ መንገዱን የሚሞላው ብርሃን ነው። እንግዲህ በአማርኛ ስታስቢው «መብራት» የሚሆን ከሆነ «ኤ» ትገባለች። «ብርሃን» ከሆነ አትገባም። የሚፈሰው ብርሃን ነው። ስለዚህ «ሼድ ላይት»፣ «ሼድ ሰም ላይት»፣ «ሼድ ኒው ላይት»። «ላይትስ» ብሎ ማብዛትም የለም።

ያሳሳተሽ ምናልባት «ሻይን ኤ ላይት ኦን» የሚለው ዘመዱ ይሆናል። እሱ «ኤ» አለው፤ ምክንያቱም እዚያ የምትይዢው ባትሪ ነው፣ መብራት። ትርጉሙም ትንሽ ይለያል። ማንም ዞር ብሎ ያላየውን ነገር ሰዎች እንዲያዩት ማድረግ ነው። ጋዜጠኛ አንድ የተረሳ ሠፈር ሄዶ ሲዘግብ «ሻይን ኤ ላይት» አደረገ ይባላል። አቅራቢሽ ግን እንዲያስተውለው ሳይሆን እንዲያስረዳሽ ነው የፈለግሽው። አንዳንድ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው የሆኑ ሰዎችም ሁለቱን አደባልቀው «ሼድ ኤ ላይት» ይላሉ። እነሱ ቢሉት ማንም አይስቅባቸውም። አንቺ ላይ ግን ይሳቃል። ፍርደ ገምድልነት ነው፣ ግን እንዲያ ነው።

«ሰም» የምትለዋን አትናቂያት። «ትንሽ» ማለት ናት፣ ግን የምታገለግለው ለትሕትና ነው። እኛ «እስቲ ትንሽ ውሃ» ስንል ጠብታ ፈልገን አይደለም። እሷም እንደዚያው ናት። «ኩድ ዩ ፕሊዝ» ጨምረሽባት ከሄደች ሰው አትቆጣም።

ስለ መቆጣት ካነሳን፣ አንድ ያልጠየቅሽኝን ነገር ልንገርሽ። ይህ ፈሊጥ ጨለማ እንዳለ ያስባል። «ብርሃን ስጠን» ስትይ «እስካሁን የነገርከን ነገር ጨለማ ነው» ማለትሽም ነው። በጨዋ ቋንቋ የተጠቀለለች ትንሽ ወቀሳ አለችበት። ደንበኛ ለአቅራቢ ሲጽፍ ይፈቀዳል፣ ያምርማል። ግን በመጀመሪያው ኢሜይል ላይ አላወጣትም ነበር። መጀመሪያ «ኩድ ዩ ፕሊዝ ኤክስፕሌይን ዋይ ዘ ሺፕመንት ኢዝ ዲሌይድ» ብለሽ በግልጹ ትጠይቂያለሽ። አቅራቢው ቱርክም ይሁን ቻይና፣ እንግሊዝኛ ለሱም እንደ አንቺ የትምህርት ቤት ቋንቋ ነው። ተራው ቃል ቶሎ ይገባዋል። ሁለተኛ ጊዜ ተድበስብሶ የመጣ መልስ ከላከልሽ፣ ያኔ «ሼድ ሰም ላይት» ትወጣለች። ለሥራ አስኪያጅሽ ግን አትጻፊለት። «ስለ ደመወዝ ጭማሪው ብርሃን ይስጡን» ዓይነት ይሆናል፤ እውነት ቢሆንም አይባልም።

«ኤንላይተን ሚ» የሚለውንም ተጠንቀቂው። መዝገበ ቃላት ውስጥ ስታዪው የከበረ ነው፤ «አብራልኝ፣ ዓይኔን ግለጥልኝ»። በዛሬው እንግሊዝኛ ግን ብዙ ጊዜ ሽሙጥ ነው። እኛ እጃችንን ወገባችን ላይ አድርገን «እስቲ አስተምረኛ!» እንደምንለው።

እንግሊዝኛው ይብቃን። የአማርኛው ጥያቄሽ ነው ይበልጥ የሚያሳስበኝ።

«በመዘግየቱ ላይ ብርሃን ይፈንጥቁልን።» ቃላቱ አማርኛ ናቸው። ዓረፍተ ነገሩ ግን አማርኛ አይደለም። በእኛ ቋንቋ ብርሃን የሚፈነጥቀው ጎሕ ሲቀድ ነው። ወይም ተስፋ ሲመጣ ነው፤ «የሰላም ተስፋ ፈነጠቀ» ይባላል። ፈነጠቀ ያለ ሰው የምሥራች እያወራ ነው። ስለዚህ ዓረፍተ ነገርሽን የሚያነብ ሰው የሚገባው መዘግየቱ መልካም ዕድል እንዲገጥመው የተመኘሽለት ነው። በርትቶ ይዘግይ እንደማለት።

ሳቅሽብኝ? እኔ ከዚህ የባሰ ሠርቻለሁ። ትርጉም በጀመርኩ ሰሞን አንድ የጤና ጥናት ወደ አማርኛ መለስኩ። እንግሊዝኛው ጥናቱ የእናቶች ሞት ምክንያት ላይ «ሼድስ ኒው ላይት» ይላል። እኔም «ጥናቱ በእናቶች ሞት ላይ አዲስ ብርሃን ፈንጥቋል» ብዬ ጻፍኩ። ኮርቼበታለሁም፣ ቅኔ መስሎኝ። ጽሑፉ በአዳራሽ ሲነበብ አንዲት በዕድሜ የገፉ አዋላጅ እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣» አሉ ወደ እኔ ዞረው፣ «ሞት ላይ ምን ብርሃን አለው?» አዳራሹ ፀጥ አለ። መልስ አልነበረኝም። ዛሬም የለኝም። «ጥናቱ እናቶች ለምን እንደሚሞቱ ከዚህ በፊት ያልታወቀ ነገር አሳይቷል» ብል ኖሮ አለቀ ነበር። ብርሃን የሚባል ቃል በዙሪያው የለም፣ ነገሩ ግን በርቷል።

ይህን ልብ በዪ፣ ምክንያቱም የኔ ነገር ሁሉ እዚህ ላይ ነው። አማርኛ ብርሃኑን ግሡ ውስጥ ከቶ ጨርሷል። «አብራራ» የሚለውን ቃል ለየት አድርገሽ እዪው። በራ፣ አበራ፣ አብራራ። ብርሃንና መብራት ከሚወጡበት ሥር ነው የወጣው። አብራራ ማለት ደጋግሞ፣ በየጥጉ አበራ ማለት ነው። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላይ «ጉዳዩ፦ ማብራሪያ ስለመጠየቅ» ብለን በደረቁ ስንጽፍ በእርግጥ ብርሃን ነው የምንለምነው። ከዕለት ብዛት ደብዝዞ አናየውም እንጂ። እዚያ ላይ «ብርሃን ይፈንጥቁልን» መጨመር በጠራራ ፀሐይ ፋኖስ ይዞ መሄድ ነው።

ሌላው ቃላችን «ግልጽ» ነው። የሱ ሥዕል ከእንግሊዝኛው ጭራሽ ይለያል። እንግሊዝኛው ከላይ ያፈሳል። የእኛው ከላይ ያለውን ያነሳል። ገለጠ ማለት ክዳን አነሳ ማለት ነው። መጽሐፍ ይገለጣል። አክንባሎ ሲገለጥ እንፋሎቱ ገለል ይልና የእንጀራው ዓይን ይታያል። እንጀራው እዚያው ነበር፤ ማንም ከውጭ አላመጣውም። ግእዙም እንዲሁ ነው። በ4ኛው ክፍለ ዘመን፣ በንጉሥ ኢዛና ጊዜ፣ ክርስትናን በአክሱም ያስተማረውንና የመጀመሪያው ጳጳስ የሆነውን ፍሬምናጦስን ምን ብለን ነው የጠራነው? አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን። ከሠተ ገለጠ ማለት ነው፤ ዛሬ «ክስተት» የምንለው ከሱ ነው የመጣው። እንግዲህ ሰውየውን ብርሃን አፍሳሽ አላልነውም። ብርሃን ገላጭ አልነው። ብርሃኑ ነበረ፣ መጋረጃው ነው የተነሳው።

ይህን ካወቅሽ ትርጉሙ አይከብድሽም። ጉዳዩ ከሥሩ ከተነገረ «አብራራ» ወይም «ግልጽ አደረገ» ትያለሽ። «ሰም ላይት» ብቻ ከሆነ፣ ማለትም ትንሽ ብቻ ከታየ፣ «ፍንጭ ሰጠ» አለልሽ፤ «ጠቆመ»ም አለ። ማብራሪያና ፍንጭን አታምታቻቸው። አንድ ጥናት «አብራራ» ተብሎ ሲገለጥ ፍንጭ ብቻ ከሆነ አንባቢ ይቀየማል። እንግሊዝኛው በዚህ በኩል ትንሽ ያታልላል፤ ብርሃን ይበል እንጂ ስንት ሻማ እንደሆነ አይናገርም።

የተቀሩትን የብርሃን ፈሊጦች ሮጥ ሮጥ ላድርጋቸው፣ መጠየቅሽ ስለማይቀር። «ኢን ላይት ኦፍ» ማለት «ከዚህ አንጻር» ነው። «በዚህ ብርሃን» ብሎ የጻፈ ሰው አርትዖት ይፈልጋል። «ብሪንግ ቱ ላይት» ገሃድ ማውጣት፣ አደባባይ ማውጣት ነው። «ጋይዲንግ ላይት» የተባለን ሰው «መሪ ብርሃን» ብለሽ አታስቀይሚው። አርአያ ነው። መንገዱን ከፍቶ የሄደ ከሆነ ደግሞ ፋና ወጊ ነው፤ ፋና ችቦም ነው፣ ፈለግም ነው፣ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ? «ግሪን ላይት» ግን «አረንጓዴ መብራት» ሆኖ በደህና ገብቷል። አልቃወመውም። አስተውለሽ ከሆነ አረንጓዴ ብርሃን አላልነውም፤ መስቀለኛ መንገድ ላይ የቆመ ዕቃ ስለሆነ መብራት ነው ያልነው። ሕዝቡ ሰዋስው ሳይማር ልኩን አገኘው።

አንዱ ግን ያናድደኛል። «ላይት አት ዚ ኤንድ ኦፍ ዘ ተነል» የሚለውን «ከዋሻው ጫፍ የሚታይ ብርሃን» ይሉታል። ተነል በሁለት በኩል ክፍት ነው። ባቡር በዚህ ገብቶ በዚያ ይወጣል። የእኛ ዋሻ ግን ጅብ የሚያድርበት፣ ወይም መናኝ ከዓለም የሚሸሸግበት ነው። ወደ ውስጥ በገባሽ ቁጥር ይጨልማል እንጂ ጫፉ ላይ የሚጠብቅሽ ብርሃን የለም። እንግሊዝኛው ተስፋ ሲል አማርኛው ተስፋ መቁረጥ ሆነ። «የተስፋ ጭላንጭል» የሚል ቃል እያለን! ጭላንጭል በተዘጋ በር ስንጥቅ የምትገባዋ ቀጭን ብርሃን ናት። ማለዳ በጭቃ ቤት ውስጥ ተኝቶ የነቃ ሰው ያውቃታል። አቧራው ሲንሳፈፍባት ይታያል።

ወደ ሥራሽ እንመለስ። ለዕቃ አስተላላፊው የምትልኪውን ደብዳቤ እንዲህ አድርጊው። ርዕሱ «ጉዳዩ፦ ስለዘገየው መለዋወጫ ማብራሪያ ስለመጠየቅ» ይሁን። ከሥሩ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። «ዕቃው በውሉ መሠረት እስከ አሁን ሊደርሰን ይገባ ነበር። የዘገየበትን ምክንያትና ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚገባበትን ቀን በጽሑፍ እንዲያሳውቁን እንጠይቃለን።» ለምን? መቼ? የሚሉት ሁለቱ ጥያቄዎች ቁልጭ ብለው ይታዩ። የግዢ ደብዳቤ ላይ ቅኔ አያስፈልግም። ቀኑንና የውሉን ቁጥር መጻፍ ግን እንዳትረሺ።

የውጭውን አቅራቢ ደግሞ በአዲስ ኢሜይል ያዥው። የድሮው ላይ ማረሚያ አትላኪ፤ እሱ ምን ለማለት እንደፈለግሽ ገብቶታል፣ ግራ የገባው ሥራ አስኪያጅሽ ነው። መልሱ ከመጣና ዙሪያ ጥምጥም ሆኖ ምንም ካላስጨበጠሽ፣ ለአለቃሽ በእንግሊዝኛ «ሂዝ ሪፕላይ ሼድ ኖ ላይት ኦን ዘ ዲሌይ» ብለሽ ታስተላልፊያለሽ። እዚህ ላይ ሼድ ያለፈ ጊዜ ነው፣ ምንም አልተጨመረበትም። በአማርኛ ከጠየቀሽ «መልሱ ጠብ የሚል ነገር የለውም» በዪው። ይህም ከፈሳሽ የመጣ ነው፣ ወደ ሼድ ከሁሉም የሚቀርበው አማርኛችን እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ያኔ ሥራ አስኪያጅሽ ራሱ ይደውልለት።